ከማጠቢያው ገንዳ

እኔ ጠርሙስ አጣቢ ነኝ፤ ፊደል ብዙም አልዘለቀኝ፤
ቀለም ግን ማንበብ አውቃለሁ፣ ይህ ገንዳ ነው ያስተማረኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ በራጅሻሂ፣ በሁለተኛው ፎቅ፣
ምሁር የደከመበትን በሳሙና ሳለቀልቅ።
ከመስኮቱ ማዶ ፓድማ፤ በበጋ አሸዋ ለባሽ፣
ክረምት ሲገባ ግን ጌታ፣ የማንጎውን አጥር አፍራሽ።

ሼፋሊ መጣች አንድ ቀን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ
ቅጠል ይዛ፤ ጠረኑ መራራ፣ ገና እርጥበት ያዘለ።
«የናቶሩ መድኃኒተኛ፣ ሽማግሌው ኖገን ሰጠኝ፤
ስሙን ጽፌ፣ ቅጠሉን ቆርጬ፣ አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ።»

በጥላ አደረቀችው፤ ፈጨች፤ በአልኮል ዘፈዘፈች፤
ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፣ እንደ በሽተኛ አስታመመች፤
መብራት ሲጠፋ በባትሪ፣ ማሽኑ ሲቆም በእጇ እያማሰለች።

«ሥጋም እንደ ብረት ይዝጋል፣» ትለኛለች ስታስረዳኝ፤
«ይህ ወይንጠጅ ቢጫ ከሆነ፣ ቅጠሉ እውነት ነገረኝ።»
ግማሽ ሰዓት በጨለማ። ሳጥኑን ስትከፍተው
አሥራ ሁለቱም ብልቃጥ የበሰለ ማንጎ ነው የሚመስለው።
ያን ማታ ብልቃጥ ሳጥብ፣ ከኋላዬ ታንጎራጉራለች፤
ቢጫው በገንዳው ሲወርድ
ፀሐይ በቱቦ ጠለቀች።

ቀጥሎ ግን ሌላው ክፍል፤ ጫማ አውልቀው የሚገቡበት፣
የሞተች ሴት ነቀርሳ በሙቀት የሚቀለብበት።
እሷ አፈር ሆናለች ድሮ፤ እሱ ግን አልሞተም፣ ይራባል፤
በቀጠሮ ይመገባል፣ ከልጆቼ ይልቅ ይጠግባል።
እዚህ ቤት ወይንጠጅ ቀለም ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገር፤
ወይንጠጅ ከሆነ፣ በሕይወት አለ፤ ከነጣ፣ አበቃ ያ ነገር።

አርብ ዕለት ነጣ። ቅጠሉ የገባበት ረድፍ ሁሉ ነጣ።
ዶክተር ዳስቶጊር እንኳ መነጽሩን ጠርጎ መጣ፤
ወሬው ሻይ ቤት ደረሰ፦ «ከናቶር መድኃኒት ወጣ!»

እኔ ግን ያልኩት የለም። ከጎኑ ተቀምጦ የነበረ፣
ጤነኛ ሴል የያዘው ሳህን፣ እሱም ነጥቶ ነው ያደረ።

ሼፋሊ ኋላ አየችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።
ብዕሯን ከፈተች። ዘጋች። ከፈተች። ዘጋች።
በረኪናም ካንሰር ይገድላል፤ ምስክሩ የእኔ መዳፍ፣
በየማታው የምደፋው፣ ቆዳዬን እስኪገፍፍ።

ሐሙስ ስልኩ ጮኸ። ኖገን ነው፤ ሁሌ ሐሙስ ይደውላል፤
«ቅጠሌ ምን አለች?» ሲል ሳቁን ሳል ያቋርጠዋል።
ትዋሸዋለች ብዬ ፈራሁ። እንዳለ ነገረችው፤
ገዳይ ናት፣ ግን አትመርጥም። ዝም አለ። ጠበቀችው።

«ልጄ፣ ለነቀርሳ ናት ብዬ መቼ ሰጠሁሽ እኔ?
ለቁስል ናት፣ ከላይ የምትቀባ፤ አባቴ ሲያክም ያየሁ በዓይኔ።
ሦስት ቅጠል ቁስል ያደርቃል፤ አራተኛው ለዓሣ ነው፣
ኩሬ ውስጥ ጣል ሲያደርጉት፣ ሆዱን ገልብጦ ለሚንሳፈፈው።
ስሟን ጠየቅሽኝ እንጂ፣ ስንት ነው ብለሽ መች ጠየቅሽ?
እኔ እጄን ሳልታጠብ፣ አንቺ ወደ አውቶቡስ ሮጥሽ።»

ሳቀች መሰለኝ። ወይ አለቀሰች። ጀርባዋን ነው ያየሁት፤
ደብተሯ ላይ ከቁጥሩ በላይ፣ በቀይ፣ በትልቁ፣ ያነበብኩት
«ሦስት» የሚል ነው፤ ከሥሩም፣ «ናቶር መሄድ፤ ቁጭ ብሎ መስማት።»
ዳስቶጊር እንደሆነ ለመስማት ሠንጠረዥ የለውም፤ አለባት
ክርክር ገና።

እኛ ዘንድ ፕላስቲክ አይጣልም፤ ሳህኖቹ ወደ እኔ መጡ።
ምንም ቀለም የላቸውም። ለማጠብ ይቀላሉ፣
እንዲህ ሆነው ሲነጡ።
እኔ ግን ያን ማታ
ጤነኛው የነበረበትን
ለብቻው፣ በለብታ ውሃ፣ ቀስ ብዬ አጠብኩት።